የዘቀጠው ዱቄት

መሐንዲሱ ኬሚስቷን መጀመሪያ ያናገራት የላቦራቶሪው ደረጃ ላይ ነው። ካገለገለ የምግብ ዘይት የሠራችውን ባዮዲዝል የተባለ ነዳጅ በጀሪካን ተሸክማ ስትወርድ ሽታው ደረሰውና «ማነው እባካችሁ እዚህ ድንች የሚጠብሰው?» አለ። ሳቋ አመለጣት። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ድንቼ» ይላታል። ሌላ ሰው ቢላት የምትቆጣበት ስም ከእሱ አፍ ሲወጣ ደስ አላት። እሱንም ወደደችው፤ ምን ይደበቃል!

ሥራቸው የተያያዘ ነው። እሷ ነዳጁን ታዘጋጃለች፤ እሱ የዲዝል ሞተሩን አስነስቶ ጉልበቱንና ጭሱን ይለካል። ተስፋዋን ሁሉ የጣለችው ሴሪየም ኦክሳይድ በሚባል ዱቄት ላይ ነበር፤ ቅንጣቱ በዓይን የማይለይ፣ ናኖ የሚሉት ዓይነት ደቃቅ። ነዳጁ ላይ ጥቂት ሲጨመር በደንብ እንዲነድና ጭሱ እንዲቀንስ ያደርጋል ብላ ታምናለች። ዱቄቱ ግን አመለኛ ነው። በድምፅ ሞገድ ማማሰያው በደንብ ተበትኖ በዕለቱ ካልተቃጠለ፣ ቀስ ብሎ ታች ይዘቅጣል።

የላቦራቶሪው ኃላፊ የመሐንዲሱ አጎት ናቸው፤ ወላጆቹን ሲያጣ ወስደው ያሳደጉት፣ ፊታቸው የማይፈታ ሰው። «ይሄ የመጨረሻው ሙከራ ነው፤ ካልሠራ እዘጋዋለሁ» ብለዋታል። እናቷ ደግሞ በሌላ ከተማ ያለውን መድኃኒት ቤታቸውን እንድትረከብ ይወተውቷታል። ሥራው ከተዘጋ እሷ ትሄዳለች፣ እሱ ይቀራል። በቃ፣ የሁለቱም ነገር እዚያ ላይ ያከትማል።

ዓርብ ጠዋት ነዳጁን አማስላ እንደጨረሰች ትኩሳት ጣላት።

«ሳይዘቅጥ ዛሬውኑ አስነሳው፤ አደራህን» አለችው ወደ ቤቷ ስትሄድ።

«ሂጂ ተኚ። ለእኔ ተይው።»

ሰኞ ረፋድ ላይ ስትመለስ በሩ ላይ የጠበቋት አጎትየው ናቸው። «ጭሱ ፈቀቅ አላለም። መጨረሻ ላይ ሞተሩ ተንገራግጮ ጠፋ። አዝናለሁ፤ ዕቃሽን ሰብስቢ።»

 መሐንዲሱ ሞተሩ አጠገብ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ጠረጴዛው ላይ የነበረውን የነዳጅ ማጣሪያ አነሳችና ውስጡን በጣቷ ነካችው። ቢጫ ጭቃ ሞልቶታል። ዱቄቷ እንዲህ የሚረጋው ነዳጁ ሳይነካ ቆሞ ሲከርም ብቻ ነው። ደሟ ፈላ።

«መቼ ነው ያስነሳኸው?»

አጎቱን አየ። እሷን አየ። 

«ዓርብ» አለ።

ዋሸ! ዓይኗን እያየ ዋሻት። ያንን ጭቃ ለአጎትየው ብታሳያቸው አለቀለት፤ ሰውየው ቸልተኛን ይምራሉ፣ ውሸታምን ግን ደጃቸውንም አያስረግጡ። ዝም ካለች ደግሞ ያለቀላት እሷ ናት።  የምትወደውን ሰው በገዛ እጇ ማጥፋት አቃታት፤ በዚህም በራሷ ተናደደች። ማጣሪያውን አስቀምጣ ጠርሙሶቿን ትሰበስብ ጀመር። 

«ጋሼ» አለ ከኋላዋ፣ በሰለለ ድምፅ። «ዋሽቻለሁ። ያስነሳሁት ዛሬ ጠዋት ነው። ነዳጁንም እንደገና አላማሰልኩትም።»

«ምን ሆነህ?» አሉ አጎትየው።

«ዓርብ ይሻላትና ከሰዓት ትመለሳለች ብዬ ጠበቅኳት። ሞተሩ ሲነሳ አጠገቤ እንድትቆም ፈልጌ ነበር። ዛሬ እርስዎ በስልክ ውጤቱን አምጣ ብለው ሲያጣድፉኝ ደነገጥኩና እንዳለ ጨመርኩት።»

አጎትየው ማጣሪያውን አንስተው ጭቃውን አዩት።

«ሞተሩን ታጥባለህ» አሉ። «ከዚያ ቁልፉን አስረክበህ ትወጣለህ። ሁለተኛ እዚህ እንዳላይህ።» ወደ እሷ ዞሩ። «አንቺ ነዳጅሽን አዘጋጂ። እኔው ራሴ አስነሳዋለሁ።»

እሱ ነዳጅ የሚረጨውን ኢንጀክተር ፈትቶ አጠበ፣ መልሶ ገጠመ፣ ቁልፉን አስቀምጦ ወጣ። እሷ ቀና ብላ አላየችውም። ብታየው እንደምታለቅስ ታውቃለች።

ሞተሩ ተነሳ። ናይትሮጅን ኦክሳይድ የሚባለው የጭሱ መርዛማ ጋዝ ነገር ገና ሥራ ይቀረዋል፤ ጭሱ ግን ወረደ፣ ደግሞም ወረደ። አጎትየው መነጽራቸውን ጠርገው መለኪያውን እንደገና አዩት።

«ይቀጥላል» አሉ።

አመስግናቸው እንኳ ሳትጨርስ ሮጣ ወጣች። በመንገዱ ሁሉ ስድብ ታዘጋጅ ነበር፦ ፈሪ፣ ውሸታም፣ አደራ በላ። ከውጭው በር አጠገብ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ አገኘችው።

«ጭሱስ?» አላት ቀና ብሎ።

«ቀነሰ።»

ፊቱን በክንዱ ሸፍኖ አለቀሰ። ሥራውን አጥቶ፣ ካሳደጉት ሰው ተቆራርጦ ሳለ፣ ስለ ራሱ አንድም ነገር አልጠየቀም። ያዘጋጀችው ስድብ ሁሉ ጠፋባት። አጠገቡ ተቀመጠችና እጁን ያዘችው።

«እጄ ዘይት ነው፤ ያቆሽሽሻል።»

«ዝም በለኝ። ገና አልታረቅንም» አለችው፤ እጁን ግን አልለቀቀችም።