ብረት የማይነካው ዱቄት

ብልቃጧን ከአንዱ ጋዋን ኪስ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ውስጧ ግራጫ ዱቄት አለ፤ ቢያነጥሱበት ብን የሚል።

«የተከተለሽ ሰው አለ?» አለ ጋሼ።

«የለም።»

እኩለ ቀን ነው። የልብስ ንጽህና ቤቱ የኋላ ክፍል በእንፋሎት ታፍኗል። የልጅቷ የምስጢር ስም «ወንፊት» ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ በፋብሪካው ቤተ ሙከራ ብርጭቆ ስታጥብ፣ የተመራማሪዎቹን ጋዋን ወደዚህ ስታመላልስ፣ ልብ ብሎ ያያት የለም። በእውነተኛ ስሟ የሚያውቃት ጋሼ ብቻ ነው፤ ለሥራው የመለመላት፣ እንደ ታላቅ ወንድም የምታየው አለቃዋ።

ዱቄቱን የፈለሰፉት አንዲት አሮጊት ፕሮፌሰር ናቸው። ፋብሪካው ከነቀመሩ ሰርቆ ቆለፈበት። ዱቄቱ ቅንጣት ብረት የለበትም፤ በዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች የተሞላ ነው። ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ከውሃና ከአየር የቁስል ማጠቢያ ይሠራል። ፋብሪካው ደግሞ ለዚሁ ሥራ የሚቸበችበው ውድ ብረት ነው፤ እንጀራውን የሚዘጋ ዱቄት ለምን ያወጣል? የእሷ ግዳጅ ቀመሩን ለፕሮፌሰሯ መመለስ ነበር።

«ኬሚስታችን ነው፤ ይመርምረው» አለ ጋሼ፣ አጠገቡ ወደቆመው ወፍራም ሰው እየጠቆመ።

ሰውየው ብልቃጧን ከፈተ። ከደረት ኪሱ ማንኪያ አውጥቶ ዱቄቱ ውስጥ ሰነቀረው።

የብረት ማንኪያ!

በዚያ ቤተ ሙከራ ዱቄቱን የሚነኩት በፕላስቲክ ብቻ ነው፤ ይህን አጣቢዋም ታውቃለች። አንዲት የብረት ብናኝ ከገባች፣ ሥራውን የሠራው ዱቄቱ ይሁን ብረቱ በምን ይታወቃል? ይሄ ሰው ኬሚስት አይደለም። የፋብሪካው ሰው ነው።

ያመጣው ደግሞ ጋሼ ነው።

ቀና ብላ አየችው። መሬት መሬቱን ያያል። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ የሚሉት ደረሰባት።

«ቀመሩስ?» አለ ወፍራሙ።

ወረቀቱ ካልሲዋ ውስጥ ነው። «ከጋዋኖቹ በአንዱ ገበር ሰፍቼዋለሁ» አለች። «ፈልገው።»

ሰውየው የልብሱን ክምር ይበረብር ጀመር።

«መቼ ነው የሸጥከኝ ጋሼ?» አለች በሹክሹክታ።

«ደረሱብኝ እህቴ። አንቺን ካልሰጠሁ እኔን ሊበሉኝ ሆነ።»

«እና እኔን አስበላህ?»

መልሱን አልጠበቀችም። በኋላ በር ሹልክ ብላ ወጣችና ከውጭ ቀረቀረችባቸው። ጥጉ ላይ ፋብሪካው የላካቸው ሁለት ጎረምሶች ይጠብቃሉ። መልኳን አያውቁትም።

ያኔ ጋሼ በመስኮቱ ጮኸ።

በስሟ። በእውነተኛው።

ጎረምሶቹ የምትዞረውን ሴት ለመያዝ አንገታቸውን አሰገጉ።

አልዞረችም። ለምሳ ከወጡት ሠራተኞች ጋር ተቀላቅላ አለፈች። እንባዋን ግን መያዝ አልቻለችም።

በማግስቱ ፕሮፌሰሯ ወረቀታቸውን በራቸው ሥር አገኙት። ማን እንዳስገባው ጎረቤት ቢጠይቁ ያየ የለም።

እሷ ሌላ ከተማ፣ ሌላ ቤተ ሙከራ ብርጭቆ ታጥባለች። በአዲሱ ስሟ ሲጠሯት አቤት ትላለች። እናቷ ባወጣችላት ስም ግን ከዚያ ወዲህ የጠራት ሰው የለም፤ ጋሼ የመጨረሻው ነበር።