የቀርፋፋዋ ፍጥነት

ዒጋል ከመልካ ጀብዱ ወዲያ ባለው ገደል ሥር ተደፍቶ ተገኘ። ትልቁ የጀርባ ሻንጣው አጠገቡ ወድቋል። የእግር ተጓዦች ቡድን መሪ ነበር፤ ጎህ ሳይቀድ ድንኳኑን ነቅሎ ቀድሞ መውጣት፣ የዘገዩትንም መሳደብ ልማዱ ነው።

«በጨለማ አዳልጦት ነው፤» አለ ምክትሉ ዐብዲሻኩር።

አጭሯ ኢንስፔክተር ዴቃ ሻንጣውን ከፈተች። መኝታው ከሥር፣ ድንኳኑ ከላይ፣ ሁሉም በቦታው ነው። ብታነግተው ማንገቻው በልኳ ሆነ። የሬሳውን ረጅም ቁመት በንቀት አየች።

«ይሄ ግመል እዚህ ማንገቻ ውስጥ ክንዱን አያስገባም። እንዲህ አሳምሮ የሚያሽግ ማን አለ?»

«ከእሱና ከእኔ በቀር ማንም!» ቁመተ ረጅሙ ዐብዲሻኩር ደረቱን ነፋ። «ሴቶቹ አቦ፣ ኤሊዎች ናቸው።»

«ለመታሰር እንዲህ የሚቸኩል ሞኝ አይቼ አላውቅም።»

ሴቶቹ ሁለት ነበሩ፤ ሁለቱም አጭር፤ የመጋላ ገበያዋ ነጋዴ ሙልኪና አዲሷ አባል ፊርዶስ።

«ወላሂ፣ እኔ ካስማ መንቀል እንኳ አልችልም፤» አለች ሙልኪ።

«እኔም፤» አለች ፊርዶስ አንገቷን ደፍታ።

ድንኳናቸውን የተከሉት ደረቁ የወንዝ አሸዋ ዳር ነበር። ዴቃ ወደ ተራራው አየችና ድንገት ጮኸች፦

«ደራሽ ጎርፍ! ዕቃችሁን አንሱ!»

ሙልኪ ሁሉን ጥላ ሮጠች። ዐብዲሻኩር በገመድ ተጠላልፎ ወደቀ። ፊርዶስ ግን ካስማውን ነቅላ፣ ድንኳኗን ጠቅልላ፣ ሻንጣዋን አንግታ ከሁሉም ቀድማ ዳገቱ ላይ ወጣች።

«ጎርፍ የለም፤ ተሰብሰቡ፤» አለች ዴቃ። «ዒጋል የሞተው ሻንጣውን ሳያነግት ነው። ገዳዩ ከገፈተረው በኋላ ተመልሶ ሌሎቹ ሳይነቁ ዕቃውን በፍጥነት አሸገ፤ መንገድ ጀምሮ የወደቀ እንዲመስል። እስከ ገደሉ ለመሸከም ማንገቻውን አሳጠረ፤ መልሶ ማስረዘሙን ግን ረሳ። ስለዚህ ገዳዩ አጭርም ፈጣንም ነው። ዐብዲሻኩር ረጅም ነው፤ ፍጥነቱንም አየነው። ሙልኪ ማሸግ አታውቅም። ፊርዶስ፣ ኤሊ መምሰልሽን ጎርፉ አስረሳሽ።»

ፊርዶስ ሻንጣዋን አወረደች።

«ዒጋል ወንድሜን ሳሃልን፣ ድንኳኑን ቶሎ አላጠፈም ብሎ ሁርሶ መንገድ ላይ ጥሎት ሄደ። ሙቀት ገደለው። እኔ ቤቴ ጣሪያ ላይ ድንኳን እየተከልኩ እየነቀልኩ ተማርኩ። ዛሬ የማሳይህ አለ ብዬ ገደሉ ጫፍ ወሰድኩትና የወንድሜን ስም ጠራሁለት። ‹የቱ ሳሃል?› አለኝ።»

«ያ ቀርፋፋው?» አለ ዐብዲሻኩር ሳያስበው።

ዴቃ ቀስ ብላ ዞረች።

«አንተም ያኔ ነበርክ?»

ዐብዲሻኩር ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«መኪናው ውስጥ ግባ፤» አለችው። «ከፊርዶስ ጎን አይደለም። እዚያ መቀመጥ አይገባህም። ከኋላ።»