ከማጣሪያው ገንዳ ዳር

«እህቴ፣ ያ እኮ ፍሳሽ ነው! ለምን ትቀጂዋለሽ?»

መቅደላዊት ቀና ስትል አንድ ረጅም ሰው በቦቲ ጫማ እየሮጠ ሲመጣ አየች። በእጇ ገመድ የታሰረበት ጠርሙስ ይዛለች።

«ልጠጣው አይደለም» አለችው በደከመ ድምፅ። «ከላቦራቶሪ ነው የመጣሁት። ቫይረስ ይኖርበት እንደሆነ እንመረምረዋለን።»

ሰውየው አፈረ። «ይቅርታ... ውሃ የቸገራት ሰው መስለሽኝ ነው።»

ሳቀች። ከሳቀች ስንት ጊዜዋ!

ክንዱ ይባላል። የደልጊ ዓሣ አስጋሪ ልጅ ሲሆን በባሕር ዳር ዳርቻ ያለውን የፍሳሽ ማጣሪያ የሚቆጣጠረው እሱ ነው። እሷ የሐሙሲት ቄስ ልጅ ናት። በየሳምንቱ ማክሰኞ ወደ ማጣሪያው ከሚገባው ፍሳሽና ተጣርቶ ወደ ጣና ከሚወርደው ውሃ ናሙና ትወስዳለች። ሥራዋን ሲሰሙ የሸሹ ወንዶች ሁለት ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ኑሮዋ ከቤት ላቦራቶሪ፣ ከላቦራቶሪ ቤት ሆነ።

ክንዱ ግን አልሸሸም። እጇን ያስታጥባታል፣ ጥላው ስር ወንበር ያወጣላታል። ብዙም ሳያወሩ ይቀመጣሉ። ማክሰኞ እስኪደርስ መናፈቅ የጀመረችው ሳይታወቃት ነው።

መጋቢት ላይ የመመርመሪያ ኬሚካል ጠፋና ናሙናዎቹ ማቀዝቀዣ ውስጥ ተጠራቀሙ። ሰኔ ላይ ኬሚካሉ ሲመጣ የመጨረሻውን ናሙና አስቀድማ መረመረች። ተጣራ በተባለው ውሃ ውስጥ የጉበት በሽታ የሚያመጣው ቫይረስ ተገኘ። ሁለት ጊዜ ደገመችው። አለ! ውሃው ወደ ጣና ከሚወርድበት ቦይ በታች ደግሞ ሰዎች ልብስ ያጥባሉ፣ ገላቸውን ይታጠባሉ።

ለክንዱ ደወለች፤ ስልኩ ዝግ ነው። ሪፖርቱን በዚያው ቀን ለማጣሪያው ኃላፊዎች ላከች።

ማክሰኞ ስትሄድ የጠበቃት ሌላ ሰው ነበር። ክንዱ በቸልተኝነት ታግዷል። ሐይቁ ዳር፣ ጀልባዎች በሚቆሙበት ቦታ ተቀምጦ አገኘችው።

«ከእኔ በፊት ለእነሱ ነገርሽ» አላት ቀና ሳይል።

«ደውዬ ነበር እኮ...»

«ክሎሪን ካለቀ ሦስት ወሩ ነው። አራት ደብዳቤ ጻፍሁ። የሚሰማኝ አጣሁ። ጥፋተኛው ግን እኔ ሆንሁ!»

«ሦስት ወር ሙሉ ለምን አልነገርኸኝም?»

ፊቱን ወደ ሐይቁ አዞረ። «ደክሞሽ ነው የምትመጪ። ያችን ትንሽ ዕረፍትሽን በችግር ልሞላብሽ አልፈለግሁም።»

«ሰው የሚታመምበትን ነገር ደበቅኸኝ!» እንባዋ መጣ። «ይህ ለእኔ ማሰብ አይደለም፣ ክንዱ!»

«አጥፍቻለሁ» አለ በቀስታ።

ተናዳ ሄደች። ግን አላስቻላትም። የተጠራቀሙትን ናሙናዎች አንድ በአንድ መመርመር ጀመረች። ስምንት ቀን ፈጀባት፤ ወገቧ ተቆረጠ፣ ዓይኗ ቀላ። ክሎሪን ሳያልቅ የተወሰዱት ንጹህ ነበሩ። ቫይረሱ የታየው ካለቀ በኋላ ነው።

የደብዳቤዎቹን ግልባጭ ከክንዱ አስልካ ከውጤቱ ጋር የማጣሪያው ኃላፊ አቶ ይትባረክ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች።

«እርስዎ የፈለጉት ጥፋተኛ ነበር» አለቻቸው። «ውሃው የፈለገው ክሎሪን ነው። ሰውየውም ለምኖዎታል፤ ደብዳቤዎቹን የተቀበሉበት ፊርማዎ እዚህ አለ።»

አቶ ይትባረክ ፊርማቸውን አይተው የክሎሪን ግዢውን ፈቀዱ። በሳምንቱ ክሎሪኑ መጣ፤ ከቦዩ በታች ለሚታጠቡት ማስጠንቀቂያ ተነገረ፤ ክንዱም ወደ ሥራው ተመለሰ።

ያን ቀን ከሥራ ስትወጣ ላቦራቶሪው በር ላይ ቆሞ አገኘችው።

«ከእንግዲህ አልደብቅሽም» አላት። «ክፉውንም ደጉንም... ይቅር በይኝ።»

«ደክሞኛል፣ ክንዱ» አለችው። ከዚያም ክንዱን ይዛ ተደገፈችው። «መንደር ለመንደር ከምንታይ ሽማግሌ ላክ።»

በጥር ሽማግሌዎቹ ሐሙሲት ገቡ። አባቷ ቄስ ገብረ ሕይወት፣ «ልጁ ሥራው ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ።

«የከተማውን ፍሳሽ ያጣራል» አሉ ሽማግሌዎቹ ፈራ ተባ እያሉ።

ቄሱ ልጃቸውን አዩ፤ የከሳ ፊቷን፣ የሻከሩ እጆቿን።

«እንግዲያስ ድካሟን ያውቀዋል፤ ደክሟት ስትገባ ምን ሆንሽ ብሎ አያደክማትም» አሉና ተነሥተው መረቁ።