የምታጎነብሰው ነበልባል

በዘርማት መንግሥት፣ በደብረ ሙግት የሃይማኖት ጉባኤ ቤት፣ መምህራኑ ለጧት ትምህርት ሲገቡ ሰንሰለቱ ባዶውን ተንጠልጥሎ አገኙት። «እማኝ» የተባለችው ፋና ተሰርቃለች።

ያቺ ፋና ከሁለት ወንበሮች በላይ ተሰቅላ ኖራለች። በነጩ ወንበር የተቀመጠ መምህር እምነቱን ያስተምራል፤ በጥቁሩ የተቀመጠ ግን እንደ ከሃዲ ሆኖ ያለ ርኅራኄ ይሞግታል። ደቀ መዛሙርቱ መልስ መስጠት የሚለምዱት እንዲህ ነው። ሰው በልቡ ያላመነበትን ሲናገር ነበልባሏ ታጎነብሳለች። በጥቁሩ ወንበር በተነገረ ቃል ማንም የማይከሰሰውም ስለዚህ ነበር።

በጥቁሩ ወንበር መምህር ዓምደን የሚያህል አልነበረም። «ፈጣሪ ሠራን፤ ሠርቶም ረሳን!» ብለው ሲያስገመግሙ ጉባኤ ቤቱ ያስተጋባ ነበር። ከወንበሩ ሲወርዱ ግን የዋህ ሽማግሌ ናቸው። ወዳጃቸው መምህር ይትባረክ በነጩ ወንበር ሲያስተምሩ፣ ዓምደ ሁልጊዜ ይነሡና ካባቸውን ዘርግተው ፋናዋ ፊት ይቆማሉ። «የኔታ ነፋስ ይፈራሉ» እያሉ ተማሪዎቹ ይስቁባቸዋል። አብልጣ የምትስቀው ቀጸላ ነበረች፤ ሁለቱ መምህራን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያሳደጓትና ያስተማሯት፣ ለመምህርነት ገና የተመረጠች ወጣት።

ፋናዋ በጠፋች ማግስት ወታደሮች መጥተው ዓምደን አሰሩ። የጥቁሩን ወንበር ቃል አንድ ሰው የልባቸው አድርጎ ለንጉሡ ነግሮባቸዋል። ንጉሡም «ምስክሯ ፋና እስከ መከር በዓል ካልተገኘች፣ ከገደል ይወርወር» ብለው ፈረዱ።

በዚያው ሰሞን በዝማም ዋሻ ብርሃን ታየ የሚል ወሬ መጣ። ዝማም ዐይን የሌለው፣ የሰው ድምፅ እየበላ የሚኖር ዘንዶ ነው። ቀጸላ ባዶውን ሰንሰለት ጨብጣ፣ «ፋናዋን ሳልይዝ ብመለስ ይህ ደጅ አይቀበለኝ!» ስትል ማለች።

መምህር ይትባረክ በትራቸውን አነሡ። «ብቻሽንማ አትሄጂም፣ ልጄ።»

እንባዋ መጣ።

እያዜመ ሰው የሚውጠውን ረግረግ ተሻገሩ፤ ድንጋዩ በሚተነፍሰው ሸለቆ አለፉ። ሽማግሌው በየወንዙ ዳር «እንመለስ፣ ጉልበቴ ከዳኝ» ይላሉ።

«እኔን ሲገርፉ እንዲህ አይደክሞትም ነበር፣ የኔታ!» እያለች ክንዳቸውን ትይዛለች።

በዋሻው ውስጥ ፋናዋ በዘንዶው ጥፍሮች መካከል ትበራ ነበር። ዝማም አንገቱን አነሣና አደመጠ።

«ይህን ኮቴ አውቀዋለሁ። ሽማግሌው፣ ያስቀመጥከውን ልትወስድ መጣህ?»

ቀጸላ ዞረች። «ምንድን ነው የሚለው፣ የኔታ?»

ይትባረክ በትራቸው ላይ ተደገፉ። «በነጩ ወንበር ስቀመጥ ነበልባሏ ታጎነብስብኝ ጀመር። እምነቴ መቼ እንደ ጠፋ እንኳ አላውቅም። ዓምደ አይቶብኛል። አንድ ቀን ያወጣዋል ብዬ ፈራሁ፤ ቀደምኩት፤ ፋናዋን እዚህ ደብቄ ለንጉሡ ከሰስኩት።»

ነበልባሏ ቀጥ ብላ ቆመች።

«ከአንድ ትሪ ነው እኮ የምትበሉት!» አለች ቀጸላ።

«ፋናዋን የሚወስድ ድምፁን ይተውልኝ» አለ ዝማም።

«እርስዎ ይክፈሉ!» አለች ቀጸላ ወደ ይትባረክ ዞራ።

ይትባረክ ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ቀጸላ ገና ያልተቀመጠችበት ነጭ ወንበር ታያት። ድምፅ የሌለው መምህር ምን ያስተምራል? ከዚያ ግን ዓምደ የሚወረወሩበት ገደል ታያት። ወደ ዘንዶው ቀርባ፣ «ፈጣሪ አልረሳንም» አለች፤ የመጨረሻ ቃሏም ይኸው ሆነ። ነበልባሏ አልተነቃነቀችም።

በመከር በዓል ዕለት፣ በንጉሡና በሕዝቡ ፊት፣ ዓምደ በእማኝ ሥር ቆመው ያንኑ የክህደት ቃል ደገሙት። ነበልባሏ ዘይቱን እስክትነካ አጎነበሰች። ሰንሰለታቸው ተፈታ። ያን ጊዜ ቀጸላን ተከትለው የመጡት ይትባረክ ከዓምደ እግር ሥር ወድቀው ሁሉንም ተናዘዙ።



«ነፋስ ፈርቼ መስሎህ ነበር?» አሉ ዓምደ። «ካባዬን የምዘረጋው እኮ ልጆቹ እንዳያዩብህ ነው።»

ንጉሡ፣ «ሞቱም ሕይወቱም በአንተ እጅ ነው» አሏቸው።

ዓምደ ወዳጃቸውን አዩ፤ ከዚያ ድምፅ አልባዋን ልጃቸውን አዩ።

«ይቅር ብዬሃለሁ፣ ወንድሜ» አሉ።

ነበልባሏ ማጎንበስ ስትጀምር ቀጸላ ብቻ አየች። ነጠላዋን ዘርግታ ፋናዋ ፊት ቆመች።