በረዶ ያልነጠፈበት መሬት

ተክሌ በመኖሪያ ግቢው መሃል፣ ከመኪናው አጠገብ፣ በደረቱ ተደፍቶ ሞቶ ተገኘ። ባህል አዳራሽ ሰፈርን ሲደበድብ የነበረው በረዶ ገና ማባራቱ ነበር። የመኪናው ጣሪያ ተጨረማምቷል፤ መስታወቱ ረግፏል። ሚስቱ ብርቅዬ ከቢሮ ተጠርታ ስትደርስ ይህን ሁሉ አየች፤ ማልቀስ ግን አቃታት። የገዛ እጇ የሌላ ሰው እጅ መሰላት።

«መኪናውን ሊሸፍን ወጥቶ በረዶው አናቱን መትቶት ነው» አለ እሷን ተከትሎ በነጭ መኪናው የደረሰው የሟች ታናሽ ወንድም ክብሩ።

የፖሊስ መርማሪዋ ሮማን ወደ ሬሳው ቀረበች። ሬሳው ሲነሳ ጎንበስ ብላ አፈሩን ዳሰሰች። ከዚያ የክብሩን ነጭ መኪና ዞረችው።

«በረዶው ሲጥል የት ነበሩ?»

«ፒያሳ። መኪናዬን ሜዳ ላይ አቁሜ ካፌ ተጠለልኩ።»

«እርስዎስ?» አለች ወደ ተከራዩ መምህር ወደ አልአዛር ዞራ።

«ዩኒቨርሲቲ፣ እያስተማርኩ። ስመለስ ወድቀው አገኘኋቸውና ፖሊስ ጠራሁ።»

ሮማን የሁሉንም ቃል በስልክ አጣርታ ሦስቱን ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ብርቅዬ የመርማሪዋን ድምፅ ከሩቅ እንደሚመጣ ሬዲዮ ሰማችው።

«አቶ ተክሌን በረዶ አልገደላቸውም። የወደቁበት አፈር ደረቅ ነው፤ የሸሚዛቸው ደረትም ደረቅ ነው። በረዶው ሳይጀምር ሞተዋል።»

«ታዲያ ማን?» አለ አልአዛር።

«የግቢው ቆርቆሮ ጥላ ግማሽ መኪና ነው የሚሸፍነው። ከጥላው ፊት፣ የመኪና አፍንጫ በሚያክል ቦታ፣ መሬቱ ላይ በረዶ የለም። ከዚያ የወጣ የጎማ ዱካ ግን በረዶው ላይ አለ። የአቶ ክብሩ መኪና ደግሞ ፊቱ ወንፊት ሆኖ ኋላው ለስላሳ ነው። ሜዳ ላይ የቆመ መኪና እንዲህ አይሆንም። ወንድምዎን ገድለው ሊወጡ ሲሉ በረዶው ያዘዎት፤ ሲያባራ ወጡ።»

«ለምን ብዬ ወንድሜን?»

«ከበረዶው ጉድጓዶች መሃል አንዱ ጠርዙ ዝጓል። የዛሬ በረዶ ዛሬ አይዝግም። ባለፈው ሳምንት ነጭ መኪና አንዲት ተማሪ ገጭቶ ገድሎ አምልጧል።»

ክብሩ ተቀመጠ። «ለፖሊስ ልናገር ነው አለኝ። ለመንኩት። ጀርባውን ሲሰጠኝ በመኪና ክሪክ ብረት መታሁት...»

ካቴና ገባለት። ሁሉም የብርቅዬን ጩኸት ጠበቁ፤ እሷ ግን አልጮኸችም።

«የልጅቷ ስም ማን ነበር?»

«ሮሆቦት።»

«እናቷ እዚህ ከተማ ናቸው?»

«ታቦር ሰፈር።»

ብርቅዬ ነጠላዋን አነሳች። «ውሰጂኝ» አለች። «እውነቱን ተክሌ ሊያወጣላቸው ነበር፤ አሁን እኔ ልንገራቸው።»