በቀይ ሪባን የተጻፈ ሕይወት

ጠፍ፣ ጠፍ፣ ጠፍ። የበረባሶ ድምፅ በረንዳው ላይ ሲሰማ ዘመናይ ከጽሕፈት መኪናዋ ቀና እንኳ አላለችም። «ሌላ የጭሰኛ ልጅ መጣ» አለች በልቧ።

አብዮቱ ከፈነዳ ወዲህ ናዝሬት ውስጥ የጭሰኛ ልጅ ያልሆነ ሥራ ፈላጊ ጠፍቷል። የነጋዴው ልጅ ጭሰኛ፣ የዳኛው ልጅ ጭሰኛ! ትናንት በአባቱ መኪና ሲንፈላሰስ የነበረው ሁሉ ዛሬ የሕይወት ታሪኩን ሊያስጽፍ ሲመጣ እንባው ይቀድመዋል። እሷም ርዕሱን በቀይ ሪባን ጽፋ፣ ዳር ዳሩን በነጠብጣብ አስጊጣ፣ ከማመልከቻው ክምር መካከል ዓይን እንዲስብ አድርጋ ትሰጠዋለች። ከዚያ ትንቀዋለች። የእሷ አባት፣ የወለንጪቲው ባለመሬት ቀኛዝማች ገብረወልድ፣ እስር ቤት ሞተዋል። ስማቸውን ለማንም አታነሳም።

«የማን ልጅ ልበል?» አለች።

«የባለጋሪው የፉፋ። ያውና ውጪ ቆሟል።»

ቀና አለች። ረጅም፣ ዓይነ አፋር ልጅ ነው።

«ጭሰኛ አልነበሩም?»

«ኧረ ፈረሱም የራሱ ነው!»

ሳቀች። ከሳቀች ስንት ጊዜዋ ነበር!

እውነቱን ብቻ የጻፈችለት ያቺ ጌጥ የሌላት ወረቀት ለልጁ ለጆቴ ሥራ አላስገኘችለትም። እሱ ግን ሌላ ለማስጻፍ እየተመላለሰ፣ አጠገቧ ተቀምጦ ዝም ማለትን ለመደ። ዝምታው ደስ ይላት ጀመር። ሥራ ስትጨርስም ኦቦ ፉፋ በጋሪያቸው ቤቷ ያደርሷታል።

«ሥራ ባገኝ ታገቢኛለሽ?» አላት አንድ ቀን፣ መሬት መሬት እያየ።

«ቅዳሜ እነግርሃለሁ» አለችው። እሺ ልትለው ቆርጣ ነበር።

ቅዳሜ በረንዳው ላይ አዲስ ጫማ ጮኸ፤ ሲጥ፣ ሲጥ።

«ተውሼው ነው» አለ ጆቴ እየሳቀ። «ዘሙዬ፣ ዛሬ እንደ ሌሎቹ አሳምሪልኝ። ሁሉንም በቀይ! ካድሬው ለየት ያለ ታሪክ ያለውን ወዲያው ይቀጥራል አሉ።»

«ምን ልጻፍ?»

«አባቴ ጭሰኛ ነበር፤ ጌታው በጅራፍ ገርፎ ገደለው በይ።»

ዘመናይ በመስኮቱ አየች። ኦቦ ፉፋ ለፈረሳቸው ሣር ያቀርባሉ።

«እሳቸው ይህን ያውቃሉ?»

«ምን ቸገረው፣ ማንበብ አይችል!»

«ገዳዩስ ስም የለውም?»

«ቡና ቤት የሰማሁት አለ። ቀኛዝማች ገብረወልድ የሚሉት፣ የወለንጪቲ ባለመሬት። ሞቷል አሉ፤ የሚከራከርለት የለም።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ላንቺ ብዬ እኮ ነው።»

ጣቶቿ ቁልፎቹ ላይ ቆሙ። አባቷ በዘመናቸው ሰው ገርፈው እንደሆነ አታውቅም፤ ምላ ልትመሰክርላቸው አትችልም። ይህን ሰው ግን አልገደሉም። ይህ ሰው ያው እዚያ ቆሞ ፈረሱን ያባብላል።

ጻፈች። አንድ ፊደል ሳትስት፣ የአባቷንም ስም ሳትዘል፣ ሁሉንም በቀይ። ዳር ዳሩን በነጠብጣብ አስጌጠች። ወረቀቱን ለባለሥልጣን እንደሚሰጥ በሁለት እጇ ዘረጋችለት።

«አቤት ሲያምር!» አለ ጆቴ። «በይ እንግዲህ፣ ቅዳሜ እነግርሃለሁ ያልሽኝን...»

መኪናዋን ሸፈነች። ጃንጥላዋን አንስታ ወጣች።

«ልጄ፣ ዛሬስ በጊዜ ነው! ነይ ውጪ» አሉ ኦቦ ፉፋ፣ የጋሪውን መቀመጫ በእጃቸው እየጠረጉ።

ጎንበስ ብላ ትከሻቸውን ሳመች። ጋሪው ላይ ግን አልወጣችም።

«ምን ሆና ነው?» አሉ ወደ ልጃቸው ዞረው።

ጆቴ ቀዩን ወረቀት እንደያዘ በረንዳው ላይ ተገትሯል። አንድ እርምጃ ፈቀቅ አለ፤ ጫማው ሲጥ አለ። ዘመናይ ወደ ኋላ ሳትዞር በመታጠፊያው ተሰወረች።