የአሮጌው ፍሬን ሌባ

ሌባው አዲሱን ትቶ አሮጌውን ነበር የወሰደው።

አዲሱ ፍሬን ከነካርቶኑ መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል፤ ፕላስቲኩ እንኳ አልተቀደደም። ትንሿ ቀይ መኪና ግን በአራት የብረት ማቆሚያ ላይ ተንጠልጥላለች። ጎማዎቿ ተፈትተው ግድግዳውን ተደግፈዋል። አራቱም አሮጌ ፍሬኖቿ የሉም።

ልብስ ሰፊዋ የጋራዧ በር ላይ ደርቃ ቀረች። ከዚያ ለፖሊስ ደወለች።

መርማሪው ስለ መኪና የሚያውቀው መሳፈር ብቻ ነበር። መኪናዋን ሁለት ጊዜ ዞሮ አያት።

"የተሰረቀው ዋጋ ያወጣል?"

"ለውዳቂ ብረት ሰብሳቢም አይሆን።"

"ታዲያ ለምን ያለቅሳሉ?"

እያለቀሰች መሆኑን ያወቀችው ያኔ ነው።

ያችን መኪና ባሏ ነበር ከውዳቂ አንስቶ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሠራ፣ በአራት ዓመት ያቆማት። የመጨረሻ ሥራው ፍሬኖቹ ነበሩ። ሕመሙ ጠንቶበት አንድ ቡሎን አጥብቆ ግማሽ ሰዓት እያረፈ ገጠማቸው። ከዚያ ወዲያ መሣሪያ አልጨበጠም። ከሞተ ዓመት ከሦስት ወሩ ነው። እሷ በየወሩ፣ የእሽቅድምድሙ ሜዳ ለማንኛውም ባለመኪና በሚከፈትበት ቅዳሜ፣ የራስ ቁሯን አጥልቃ ትነዳለች። ለማሸነፍ አይደለም። ባሏ አጠገቧ የተቀመጠ የሚመስላት እዚያ ብቻ ስለሆነ ነው። ናፍቆቱ እንደዚያ ነበር የሚበርድላት።

ፍሬኑ ግን ደክሟል። አራት ዙር ሲሞላ ይግላል፣ ፔዳሉ ይላላል። ከሁለት ወር በፊት መታጠፊያው ላይ ረግጣ ረግጣ እምቢ ብሏት አሸዋ ውስጥ ገብታ ነው የቆመችው። በማግስቱ አዲስ ገዛች። ከዚያ ካርቶኑን ስታይ ከረመች። ልቀይር? ልተው? ማታ የቆረጠችውን ጠዋት ታፈርሳለች። ትናንት ቁርጡን ተናገረች፤ አሮጌው ይቆያል፣ አዲሱ ይመለሳል።

"ይህን ማን ሰማ?" አለ መርማሪው።

"ዕቃ ሻጩ። በስልክ ነገርኩት። ጥይትም እዚሁ ቆሞ ነበር፤ ሜዳው ላይ አብሮኝ የሚነዳ ሰው ነው።"

"ሌላስ?"

"ሌላ ማንም። አማቴ ብቻ።"

የባሏ አባት በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። አርባ ዓመት የአውቶቡስ ጋራዥ ውስጥ ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ከጓሮ ባለው ክፍል ይኖራሉ።

"ሻጩን አጥብቀህ ጠይቀው" አሉ፣ ወለሉን እያዩ። "ሰውየው አያምረኝም።"

መርማሪው ሱቁ ሲገባ ሻጩ ከባንኮኒው ጀርባ ተነሣ።

"ዕቃው እንዳይመለስብህ ፈልገሃል" አለው መርማሪው።

"ፈልጌያለሁ።"

"ስለዚህ አሮጌውን ሰረቅህ።"

"ኧረ ጌታዬ! እኔ መሸጥ እንጂ መፍታት የት አውቄ? የቤታችንን አምፖል እንኳ የምትቀይረው ሚስቴ ናት።"

ሚስቱ ከውስጥ ሆና፣ "እውነቱን ነው፣ ምኑም አይረባ" አለች። መርማሪው ሳቁን ዋጠ። ሻጩ ሌሊቱን ዕቃ ሲያራግፍ እንዳደረ ሦስት ጫኞች መሰከሩለት።

ጥይት ስሙን ያወጣው ራሱ ነበር። ሜዳው ላይ ግን ከልብስ ሰፊዋ ቀድሞ አያውቅም።

"ነገ ቅዳሜ ሜዳው ላይ እንዳትመጣ ፈለግህ" አለው መርማሪው።

"እሱንስ ብፈልግ አዲሱን ነበር የምወስደው። በአዲሱማ ጭራሽ አልደርስባትም።" አለ ጥይት። "እውነቱን ልንገርዎት? ያንን አሮጌ የወሰደ ሰው እጁ ይባረክ። ያን ቀን አሸዋው ውስጥ ስትገባ ከኋላዋ ነበርኩ። ዓይኔን ነው የጨፈንኩት።"

መርማሪው ይህን አባባል ይዞ ተመለሰ። ልብስ ሰፊዋን መኪናዋ ሥር ተንበርክካ አገኛት።

"ይዩ" አለችው። "የዘይቱን ቱቦዎች ጫፍ በጎማ ደፍኗቸዋል። የፍሬን ዘይት ቀለም ይበላል። እንዳይንጠባጠብባት ተጨንቋል።"

"የሚጨነቅ ሌባ?"

"ቡሎኖቹንም አልበተነም።"

አራት ባዶ የቲማቲም ቆርቆሮዎች ወለሉ ላይ ተሰልፈዋል። ከእያንዳንዱ ፊት በጠመኔ ተጽፏል፤ ግራ ፊት፣ ቀኝ ፊት፣ ግራ ኋላ፣ ቀኝ ኋላ። ጽሕፈቱ የማን እጅ እንደሆነ እንዳይታወቅ ሆን ተብሎ እንደ ሕፃን የተንገዳገደ ነው።

"ቀኝ ፊት" የሚለውን ቆርቆሮ መዳፏ ላይ ገለበጠችው። ከዛጉት መካከል አንድ የሚያብለጨልጭ ቡሎን ወጣ። እጇ ቆመ።

"ምነው?"

"ይሄ አዲስ ቡሎን የግራ ነው። ባለፈው ወር በገዛ እጄ ነው የቀየርኩት።"

"ተሳስቷላ።"

"አልተሳሳተም" አለች፣ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ።

መኪና የሚነዳ ሁሉ ግራና ቀኝን የሚቆጥረው መሪው ላይ ተቀምጦ ነው። የአውቶቡስ ጋራዥ ሰዎች ግን አውቶቡሱን ከፊቱ ቆመው ይቀበሉታል፤ ግራቸው የአውቶቡሱ ቀኝ ነው። ባሏ በዚህ ይስቅ ነበር። "አባቴ ግራ ካሉሽ ቀኙን ስጫቸው፣ ከዚያ በሰላም ትኖራላችሁ" ይላት ነበር። ሳቁ ጆሮዋ ላይ መጣባት።

መርማሪው ፊቷን አይቶ ገባው። በርጩማው ባዶ ነበር።

ሽማግሌው ክፍላቸው ውስጥ አልጋቸው ላይ ተቀምጠዋል። በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር እግራቸው ሥር አለ።

"አባባ።"

"አወቅሽብኝ።"

"እርስዎ እንዴት? የእሱን የእጅ ሥራ?"

"ስንቴ ነገርኩሽ፣ ልጄ? በነገርኩሽ ቁጥር 'የእሱ እጅ ያረፈበት ነው' ትይኛለሽ። ምን ልመልስ? ለእኔስ ልጄ አይደለም? ትናንት አዲሱን እመልሳለሁ ስትይ እንቅልፍ ከየት ይምጣ። አሮጌው ከሌለ ወደሽ ሳይሆን ተገደሽ አዲሱን ትገጥሚያለሽ ብዬ ነው።"

"ናፍቆኝ ነው፣ አባባ። ሌላ ምን ቀረኝ?"

"እኔንም ናፍቆኛል!" አሉ፣ እየተቆጡ። ቁጣቸው ወዲያው እንባ ሆነ። "ልጄ ፍሬን የገጠመልሽ እንድትቆሚበት ነው። ካላቆመሽ ምኑን የእሱ ሆነ? አንድ ቀብሬአለሁ። ሁለተኛ አልችልም።"

ልብስ ሰፊዋ አጠገባቸው ተቀመጠች። ብርድ ልብሱን ገልጣ አሮጌውን ፍሬን ዳሰሰችው፤ ከዚያ መልሳ ሸፈነችው።

መርማሪው በሩ ላይ ጉሮሮውን ጠራረገ። "ክስ ልጻፍ?"

"ምን ብለው ይጽፋሉ?"

አሰበ፤ ከዚያ ደብተሩን ዘጋ። "ንብረቱ እቤት ውስጥ ተገኘ ብዬ" አለና ሄደ።

ከሰዓት በኋላ አዲሱን ገጠሙ። ዲስኮቹን እሷ፣ ቡሎኑን እሳቸው። መጨረሻ ላይ ከቱቦው አየር ማስወጣት ቀረ፤ አንድ ሰው ፔዳሉን ይረግጣል፣ ሌላው ከሥር ሆኖ ይከፍታል፣ ይዘጋል። ባሏ ሲሠራም ረጋጯ እሷ ነበረች። መሪው ላይ ተቀመጠች። ሽማግሌው ከመኪናዋ ሥር ገቡ።

"ርገጪ!"

ክው አለች። ፊታቸው ሲሰወር ድምፁ የሳቸው አልነበረም። ያው ጉርናናው፣ ያው መጨረሻውን ሳብ ማድረጉ፣ ቁርጥ የልጃቸው ነበር። ይህን ያህል ጊዜ አንድ ግቢ ስትኖር አንድም ቀን አልሰማችውም።

"ያዢ... ልቀቂ። ርገጪ!"

ረገጠች። ለቀቀች። እንባዋ መሪው ላይ ይወርዳል። አንዱን ጎማ ጨርሰው ወደ ሌላው አለፉ፤ አራቱንም አዳረሱ።

"በቃ፣ አለቀ። አየር የለውም። ውረጂ።"

እግሯን ከፔዳሉ አላነሣችም።

"አባባ፣ አንዴ ይድገሙልኝ።"

"ምኑን? አልቋል አልኩሽ እኮ።"

"ግድ የለም። ይበሉኝ ብቻ።"

የማንን ድምፅ ልትሰማ እንደፈለገች ሽማግሌው ገብቷቸዋል። ድምፃቸው ሲመጣ ቀስ ያለ ነበር።

"ርገጪ።"

ዓይኗን ጨፍና ረገጠች።